የታችኛው ቤት ዳንያል

ውድ ወንድሜ ሃኑስ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ወገብህስ ተሻለህ? ከተማህ ኦርሁስ ነፋስ የላትም እያልክ አሁንም ትስቅባታለህ? እኛ እዚህ ደሴቱ ላይ ደህና ነን፤ እማዬ ብቻ ጉልበቷን ታማርራለች።

የክሊኒካችንን ጉድ ልንገርህ። ባለፈው ወር አንድ መርከበኛ ቂጥኝ ተገኘበት። እሱን መርፌ ወጋሁትና አብሮት የተኛውንም ሰው እንድናክም ስሙን ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «የታችኛው ቤት ዳንያል» አለኝና ወጣ። እውነተኛው ስም አይደለም፤ አንተ ሁሉንም ስለምታውቅ ቀይሬዋለሁ። እኔም «ለደም ምርመራ ይምጡ» ብዬ ለዳንያል ደብዳቤ ላክሁ።

የአያት ስም ለልጅ ልጅ እንደሚወጣ እንዴት ረሳሁት! የሰማንያ ሁለት ዓመቱ አያት የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከፊቴ ቁጭ አሉ። ክው አልኩ። ተሳስቼ ነው ብዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የቂጥኝ ማስታወቂያ ቀስ ብለው አነበቡ።

«የልጅ ልጄን ነዋ የፈለግሽው» አሉኝ። «አንድ መርከበኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባ ልጠግን እያለ ይመጣል። እኛ ጀልባ የለንም። ወንድ ከወንድ እንዲጋባ የፈቀደው ሕግ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ተጋብተው ቢሆን ትክክለኛውን ሰው ትጠሪ ነበር።»

ነገራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። ድሮ እንዲህ ያሉት ወንዶች «ኮፐንሃገን ያገኘሁት ነው፣ ስሙን አላውቅም» ይሉኝ ነበር። አሁን «ባለቤቴ ነው» ብለው ስልክ ቁጥሩን የሚሰጡኝ አሉ። ያገባም ይታመማል፤ ግን ስሙ ከተነገረ ተጠርቶ ይታከማል። ሕጉ ይሆን የለወጠው ወይስ ሰዉ ራሱ? ሐኪማችን በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ምንም ማለት አይቻልም ትላለች፤ እውነቷን ነው። እናንተ ዘንድ ሕጉ ቀድሞ ወጥቷልና አንተስ ምን ታዘብክ?

ልጁ ግን ስልክ አላነሳ አለኝ። በሽታው ዝም ብሎ ዓይንና ነርቭ ድረስ ስለሚሄድ ሦስት ሳምንት ስጨነቅ ሰነበትኩ። ማክሰኞ አያቱ ይዘውት መጡ። የቅርብ ሰው ማን ብዬ ልጻፍ ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬት አየ። አያቱ «ጻፊ» አሉና የመርከበኛውን ስም ከነአባቱ ነገሩኝ። ልጁ አለቀሰ። ወጋሁት፤ ይድናል።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ የደረቀ የበግ ሥጋ ልካልሃለች። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አብሮህ ላለው ሰው» እያልኩ ሰላምታ መላኬ አሳፈረኝ።

ዛሬ ግን በስሙ ልጥራው፦ ኬል፣ እንደምን ሰንብተሃል?

እህታችሁ ማርዩን
ቶርስሃቭን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2018