ቤዛዊት ያረመችው መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 10 ቀን

ለማከብርዎት እማማ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ጾሙስ ጠናብዎት ይሆን? ቅዳሴው እስኪወጣ ቆመው እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ይቀመጡ ብልዎትም አይሰሙኝ። እኔን እንዴት ነህ ካሉኝ፣ በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ግን ደህና ነው አልልዎትም። በስልክ ስዋሽዎት ከርሜያለሁ፤ በወረቀት እንኳ ልታቀብ።

ይህን የሚያመጣልዎት ይድነቃቸው ነው፤ እንደኔው የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ከወንድም የማልለየው ጓደኛዬ። በስልክ ያልነገርኩዎት የምንደዋወለው ከስሂን ቤት ስለሆነ፣ እሷ ወይ ቤዛዊት ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው። ካነበቡት በኋላ ያቃጥሉት። ለስሂንም እንዳይነግሩብኝ፣ ልጅዎ ብትሆንም።

መቅዲ ያረፈች ሰሞን እያለቀሱ፣ የልጄን ልጅ አደራ፣ እናት እንዳጣች አባትም አጥታ እንዳታድግ አሉኝ። እኔም በሰማይ በምድር ብዬ ማልኩልዎት። ከዚያስ? ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሁለት ሳምንት ወጥቶ ሁለት ቀን ነው ቤቱ የሚያድር። የሰባት ዓመት ልጅ መኪና ላይ አይጫን ነገር! አክስቷ አለች፣ ለጊዜው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ስሂን ጋ ትሁን አልን። ለጊዜው ያልነው ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ነዳጅ የሚያከፋፍል ድርጅት አገኘሁ። ሥራው እዚሁ ቅርብ ላሉ ማደያዎች ማድረስ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት። ለዚህ ግን መንጃ ፈቃዴ ላይ ሃዝማት የሚሉት ይጨመርበታል። የሚቀጣጠለውን፣ የሚፈነዳውን፣ የሚመርዘውን ለመጫን የሚሰጥ ፈቃድ ነው። አሻራ ይወሰዳል፣ የኋላ ታሪክ ይጣራል፤ ያንን በሰላም ጨረስኩ። ከዚያ ሠላሳ ጥያቄ በእንግሊዝኛ፤ ሃያ አራቱን መመለስ ግድ ነው፣ አስተርጓሚ ብሎ ነገር የለም። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ካለፍኩ ቤዛዊት እኔ ጋ መጥታ እዚህ ትመዘገባለች፤ ካልሆነ እዚያው ስሂን ጋ ትቀራለች፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወዲያ አናንገላታትም ብለን ተስማማን። ሐሳቡ የስሂን ነው። እውነቷን ነው፤ አልፈርድባትም።

እርስዎ መቼም ያውቁኛል። ልጅ ሆኜ ዳዊት በሸመደድኩበት ጭንቅላት ነው ዛሬም የምኖረው። ይድነቃቸው ድሮ የተለማመደበትን ሁለት መቶ ጥያቄ ሰጠኝ፤ ከነመልሱ እንደ ውዳሴ ማርያም ያዝኩት። መሪ ጨብጬ ኦሃዮ ድረስ እየደገምኩ እሄድ ነበር። በግንቦት ስፈተን ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ገለባብጦ አመጣው፤ አንዱንም በያዝኩት መልኩ አላገኘሁትም። አሥራ ሰባት! ይድነቃቸው እስኪያስለው ሳቀብኝ፤ አንተ ሰውዬ፣ ተፈተን አሉህ እንጂ ማን ቀድስ አለህ አለኝ።

ይህን ስሂን ቤት ስናወራ ቤዛዊት ሰማች። አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ፈተናው የሚወጣበትን መጽሐፍ፣ ማኑዋሉን፣ ከእጄ ነጥቃ እንደ ተረት መጽሐፍ አነበበችው። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ አንድም ቀን በአማርኛ መልሳልኝ አታውቅም። ዳዲ፣ አንተ ትለዋለህ እንጂ አልገባህም አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ከመንገድ በገባሁ ቁጥር ስሂን ሳሎን ቁጭ ብለን ትጠይቀኛለች። እኔ መልሴን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ እሷ በሐምራዊ እስክሪብቶ ታርመኛለች፣ ያረመችው ላይ ኮከብ ትለጥፍልኛለች። እንግሊዝኛዬን ስትሰማ ምንጣፉ ላይ ተንከባላ ትስቃለች። እማማ፣ መቅዲ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ጋር እንዲያ ስቄ አላውቅም። ፈተናው ቢቀር እንኳ ይህ ይበቃኛል ያልኩበት ቀን ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ ተመልሼ ተፈተንኩ። ሃያ አገኘሁ። ለቤዛዊት በስልክ ስነግራት ሶሪ ዳዲ ብላ ስልኩን ለስሂን ሰጠቻት። አዝናልኝ ነው አልኩ።

በማግሥቱ የት እንደተሳሳትኩ ልይ ብዬ ደብተሩንና ማኑዋሉን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ የጭነቱን ወረቀት የት ይተወዋል ይላል አንዱ ጥያቄ። ወንበሩ ላይ ወይም የበሩ ኪስ ውስጥ ብዬ ጽፌ ነበር። ቤዛዊት ሰርዛ፣ ይዘኸው ትሄዳለህ ብላኛለች። ማኑዋሉ የሚለው የእኔን ነው። መኪናው ነዳጅ ሲቀዳ አንድ ሰው ቱቦው ጋ ይቆማል ብዬአለሁ፤ አያስፈልግም ብላ ሰርዛዋለች። አሁንም ማኑዋሉ የሚለው የእኔን ነው። ዘጠኝ ቦታ አገኘሁ። ዘጠኙም ላይ የእኔ መልስ ልክ ነበር፤ ዘጠኙም ላይ ኮከብ ተለጥፏል።

እንግሊዝኛ የምታውቀው እሷ ናት ብዬ የገዛ ዓይኔን ትቼ የእሷን አፍ አመንኩ። እዚህ አገር ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ የባንኩንም የሐኪሙንም ወረቀት የሚያነቡልን ልጆቻችን ናቸው። በመጀመሪያ፣ ልጅ አይደለች፣ ተሳስታ ነው አልኩ። ግን እኔ ገጹ ላይ ቀን የምጽፍ ሰው ነኝ፤ የግንቦቱ ገጽ ላይ አንድም የተሳሳተ እርማት የለም። ለስሂን ደወልኩ። ቤዛዊት እኔ ጋ እንደምትመጣ መቼ ነው የነገርሻት አልኳት። ሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አለችኝ። የመጀመሪያው የተሳሳተ እርማት የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ ነው።

ተናደድኩ፤ አልደብቅዎትም። ምን በደልኳት ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ እልህ ያዘኝ። እያንዳንዱን ቃል እያገላበጥኩ፣ ልክ እሷ እንዳስተማረችኝ እየገባኝ አጠናሁ። ትናንት ሃያ ስምንት አገኘሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ኮንግራጁሌሽንስ ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። አልፌያለሁ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ ልላት ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሄድኩት።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ፊቴን አየችው። በሁለት እጇ በሩን ጨምድዳ ይዛ የታች ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ዞራ፣ ማሚ፣ ዳዲ መጥቷል ብላ ተጣራች። ማሚ ያለቻት ስሂንን ነው። መቼ እንደጀመረች አላውቅም፤ እኔ ፊት ብላው አታውቅም ነበር።

ወደቅሁ አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ወደቅሁ፣ ከእንግዲህም አይፈትኑኝም አልኳት። እማማ፣ ትከሻዋ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንዲያ አቅፋኝ አታውቅም። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ሲጨማደድ ይሰማኛል። አይዞህ አባዬ አለችኝ፤ በአማርኛ። አልቅሳም ነበር። ያለቀሰችው አዝናልኝ ይሁን ደስ ብሏት እኔ እንጃ፤ ሁለቱም ይሆናል።

ለነዳጁ ድርጅት ይቅርብኝ ብያለሁ። ሰኞ ወደ ካሊፎርኒያ ጭነት ይዤ እወጣለሁ። ስሂን ስትደውል ወደቀ ትልዎታለች፤ እሷም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ምን ያድርግ፣ እንግሊዝኛው ከብዶት ነው ይበሏት እንጂ አይከራከሩልኝ። ቤዛዊትንም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳይጠይቋት፤ አደራ። አደራ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ እንደማያምር አውቃለሁ። አደራ በላ ቢሉኝም አልቀየምዎትም። ብቻ የነፍስ አባትዎን አነጋግረው ከዚያ ከመሐላዬ ያስፈቱኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም፤ ሌላ የምለምነውም አልቀረኝም።

ክረምቱን በጤና አሻግሮ አበባውን ለማየት ያብቃዎት። የመቅዲንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ከደብዳቤው ጋር የቤዛዊትን ፎቶ አስቀምጫለሁ። ከስሂን ጋር የተነሳችው ነው፤ ከእኔ ጋር የተነሳችውን ፈልጌ አላገኘሁም።

የቤዛዊት አባት