ለሜሎሱ ዳሞፎን፣ ስለ ቀኝ እጄ

ውድ ዳሞፎን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጎረቤቴ ኬፋሎን ነው። ከድሉ በኋላ የደሴታችሁ መሬት ለአቴና ሰዎች ሲከፋፈል ማሳህ በዕጣ ለእሱ ደርሶታል። ማንበብ አይችልምና፣ የስእለት ነገር ነው ከበለሱ ሥር ቅበርልኝ አልኩት። መቃብርህ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ከሞትክ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ስሠራ ብሩሼ ከእጄ ይወድቃል፤ ስበላ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንተ ነጭ አፈር እየወሰድኩ የአቴና ከተማን የተውኔት ጭምብሎች ቀባሁ። ቤትህ ስመጣ ሚስትህ ቲማሬታ፣ ይሄ ሰውዬ አፈር ሊወስድ ነው የሚመጣው ወይስ ዓሣችንን ሊጨርስ እያለች ትስቅብኝ ነበር። የእንግድነታችን ምልክት እንዲሆን አንድ የበግ ቁርጭምጭሚት ለሁለት ሰንጥቀን ተካፈልን። ግማሹን አንገቴ ላይ አስሬ ኖርኩ።

በጦርነቱ ከማንም ወገን አንሆንም ስላላችሁን እኛ አቴናውያን ከተማችሁን ከብበን ከረምን፤ በመጨረሻ ተሸነፋችሁ። እኛም እዚህ አቴና፣ ኮረብታው ላይ ለሸንጎ ተሰበሰብን። ወንዶቹ ይገደሉ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ይሸጡ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኬፋሎን በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ የአፈር ወዳጆችህ ጉድ ፈላባቸው፣ ዛሬ ከማን ጋር ነህ አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን የምሩን መሰለኝ። እጅ አንሱ ሲባል ቀኝ እጄን ከእሱ ቀድሜ አነሳሁ። አላሰብኩህም ብልህ ውሸት ነው፤ አስቤሃለሁ። የሸንጎ እጅ በዓይን ይገመታል እንጂ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ የእኔ አንድ እጅ ምን ይጨምራል እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ።

በጸደይ በዓል አንድ ገጣሚ በጥንት ዘመን ስለወደቀች ከተማ ተውኔት አቀረበ። ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶች የሚወስዳቸውን መርከብ ሲጠብቁ ያሳያል። የጥንት ታሪክ ነው ተባለ፤ የጥንት የመሰለው ሰው ግን አልነበረም፤ ደፍሮ የተናገረም የለም። የሴት ጭምብል አጥልቀን ከምናለቅሰው አሥራ አምስት ወንዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። ጭምብሎቹን የቀባሁት አንተ በላክኸው የመጨረሻ ከረጢት አፈር ነው።

የምንለማመደው የተውኔቱን ወጪ በቻለው ባለጸጋ፣ በኤርጎክሌስ ግቢ ነበር። አሰልጣኙ፣ ለቅሷችሁ የዓሣ ሻጭ ጩኸት ነው ብሎ ተበሳጨብን። ኤርጎክሌስ፣ እኔ ዘንድ እውነተኛዋ ምርኮኛ አለች፣ እሷ ታሳያችሁ አለና የገዛትን ሴት አስጠራ። ቲማሬታ ነበረች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ዓይናችን ተገጣጠመ፤ እንደማታውቀኝ ሆነች።

በመካከላችን እየዞረች የአንዱን ትከሻ ዝቅ፣ የሌላውን አንገት ዘንበል አደረገች። እኔ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጄን ይዛ ከራሴ በላይ አወጣችው።

“ከፍ አድርጉ” አለች ለሁላችንም። “እጅ ማንሳት እንኳ ማን እንደ እናንተ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ከንፈሬ እምቢ አለኝ።

ልምምዱ ሲያበቃ ጉድጓዱ ዘንድ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። አጥንቱን ከአንገቴ ፈትቼ እጇ ላይ አኖርኩና፣ ኤርጎክሌስን ለምኜ አስለቅቅሻለሁ አልኳት። አጥንቱን አገላብጣ አየችው።

“አንተ ስሚክሮስ፣ ያን ቀን እጅህን አንስተሃል?”

“አንስቻለሁ።”

“እንድንሞት ፈልገህ?”

“ፈርቼ ነው። ሰው እንዳያየኝ።”

አጥንቱን መልሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። “እንግዲያው አንተው ያዘው። ባሌ ግማሹን በእጁ ይዞ ነው ወደ ወታደሮቻችሁ የወጣው። አቴና ወዳጅ አለኝ፣ ይሄን ሳሳያቸው ይተዉኛል ብሎ።”

እንስራዋን አንስታ ሄደች።

በበዓሉ ዕለት ልክ እንዳሳየችን አለቀስን። ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮን አነባ፤ ኬፋሎን በልብሱ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ በጭምብሌ ቀዳዳ አየሁት። ሽልማቱን ሌላ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ያው ያለቀሰ ሕዝብ ኮረብታው ላይ ተሰብስቦ፣ ሩቋን የሲሲሊ ደሴት የሚወጋ ትልቅ የመርከብ ጦር ይሂድ ተባለ። ዙሪያዬን እጅ በእጅ ሆነ። እኔ ቀኝ እጄን ብብቴ ሥር ወትፌ ቆምኩ። ኬፋሎን ከጎኔ ነበር።

ቁልቁል ስንወርድ፣ እጄን እንዳላነሳሁ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

“አላነሳህም እንዴ?” አለኝ። “የሰው እጅ ማን ያያል? እኔ ተናጋሪውን ነበር የማየው።”

“የሜሎሱ ቀንስ?”

“ያኔም እንደዚያው።”

ዳሞፎን፣ ያን ቀን ባላነሳውም ማንም አያየኝም ነበር።

ኤርጎክሌስ ቲማሬታን አልለቅም ብሎኛል። እስኪሰለቸኝ አይደለም፣ እስኪሰለቸው ደጁን እጠናለሁ። ግማሹን አጥንት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስሬዋለሁ፤ ሁለቱም አንተ ዘንድ ይሁኑ።

ቤትህ የበላው
ስሚክሮስ