ታምራት ሠራሁት ያለው ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የሆቴላችን የእንግዳ መመዝገቢያ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራው ኮምፒውተር፣ ዛሬ ጠዋት አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው "ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም" ብቻ ነው። ምክንያቱን ወዲያው አወቅኩት። ትናንት የሥራ ባልደረባዬ ታምራት ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ያለበትን የዲስክ ፋይል ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲገለብጥ መብራት ሄዶ ፋይሉ ግማሽ ላይ ቀርቷል። እሱ ደግሞ ሳያጣራ ዋናውን አጥፍቶታል።

ማሽኑን ሦስት ወር ለፍቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ "እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደሳለኝ መጥተው "አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው? እንደገና ሥራዋ" አሉት። ሳቄን በመከራ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ታምራት የአቮካዶ ጁስ ይዞልኝ መጣ።

"እህቴ፣ ኮፒ ይኖርሽ ይሆን?"

ጁሱን ጠጥቼ ስጨርስ "እስቲ እፈልጋለሁ" አልኩት። ሙሉው ኮፒ ያለበት ሃርድ ዲስክ እግሬ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነገ ስብሰባ ላይ ማን እንደሠራው በአፉ ይናገር፣ ያኔ እሰጠዋለሁ። እስከዚያ ይቅመሳት።

ስወጣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው አስቴር ቀኑን ሙሉ እንግዳ በእጇ ስትመዘግብ ውላ ጣቶቿን እያሸች ነበር። "አይዞሽ፣ ነገ ይስተካከላል" አልኳት።

እንዴት አወቅሽ አላለችኝም። አመሰገነችኝ።