የጉልበትን ውሃ ያስከበሩት ድሬሰር ውድነህ ደሴ

ድሬሰር ውድነህ ደሴ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ አለነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ ማሩ መጋቢት 12 ቀን 1905 ዓ.ም. ጠዳ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው አገር የሚያውቃቸው ወጌሻ ስለ ነበሩ፣ የበኩር ልጃቸውም ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት አጥንት መዳሰስ ተማሩ። ዳዊት የደገሙት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ እሱንም ቢሆን በእናታቸው ጭቅጭቅ ነው።

አባታቸው በ1930 ዓ.ም. ሲያርፉ ሙያውን ወረሱ። እጃቸው የቀና ነበር፤ የቀና መሆኑንም እሳቸው ከሁሉ በፊት ያውቁ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ወይዘሮ እማዋይሽን አግብተው ስንዱን፣ ሸዋአየሁን እና ይመኙሽን ወልደዋል። ትሕትና በኋላ የመጣ ጸጋቸው እንደ ሆነ ባለቤታቸውም አይክዱም።

ቀጥሎ ያለው ሳይነበብ እንዳይታለፍ ሟች ራሳቸው አደራ ብለዋል።

ኅዳር 6 ቀን 1938 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሐብተ ማርያም፣ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት የአቋቋም ተማሪ፣ ከቁስቋም በዓል ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። በአገራችን ያበጠ ጉልበት ክፉ ውሃ ቋጥሯል ይባላል፤ መድኃኒቱም ወግቶ ማፍሰስ ነው። ውድነህ ወስፌ በእሳት አግለው ወጉት። የወጣው መግል አልነበረም፤ የጠራ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ፈሳሽ ነበር። «ሸጋ ነው፤ ክፉው ሁሉ ወጣልህ» ብለው መሬት ላይ ደፉት፤ ቁስሉንም በቅቤና በቅጠል አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ መገለ። ሐብተ ማርያም ከሞት ቢተርፉም ጉልበታቸው ደርቆ ቀረ። ጉልበቱን ሰበር እያደረገ ማሸብሸብ ላለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የጎንደር ሰው አይጠፋውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሰግደው አያውቁም።

ሐብተ ማርያም ለጠየቃቸው ሁሉ «ወድቄ ነው» አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ግን ተውጧል። ወንድማቸው ወስፌውን ገደል ጥለው ከጠዳ ወጡ።

በ1940 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ሆስፒታል በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ፤ ተምረውም በ1943 ዓ.ም. ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ድሬሰር ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. በጤና ኮሌጁ የማስተማሪያ ክፍል ረዳት ሆነው ሳለ፣ አንድ የውጭ አገር መምህር የበሬ ጉልበት ከፍተው ፈሳሹን በሁለት ጣታቸው መካከል ሲስቡ አዩ። ያው ነበር። ፈሳሹን የሚያወፍረው ሃያሉሮኒክ አሲድ እንደሚባል መምህሩ አስረዱ። ውሃ አቅፎ ይይዛል፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ያለሰልሳል። በቆዳችን፣ በእትብታችን፣ በዓይናችን ውስጥ ባለው የጠራ ነገር ሁሉ አለ፤ ሊቃውንት መጀመሪያ ያወጡትም ከከብት ዓይን ነው። አውራ ዶሮ ራስ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ እንኳ በእሱ የተሞላች ናት። ውድነህ ይህን ሰምተው ወጡና አጥር ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አልቅሰው ግን አልቀሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአራዳ ሥጋ ቤቶች የበሬ ጉልበት እየገዙ፣ በየገበያው ወጌሻ ሰብስበው ከፍተው አሳዩ። «ክፉ ውሃ ያላችሁት ይኸው ነው። ስሙ ይረዝማል፣ እሱን ለእኔ ተዉት፤ እናንተ ወስፌውን ተዉ» ይሉ ነበር። መቅዳት ካስፈለገ ሐኪም በንጹሕ መርፌ ይቅዳው እያሉ፣ ስንቱን ያበጠ ጉልበት በቃሬዛ አስጭነው ሆስፒታል አደረሱ። በፋሲካ ሰሞን የአውራ ዶሮ ራስ ሲለምኑ ጠንቋይ ሆኑ ያላቸውም አልጠፋ፤ እሳቸው እየሳቁ ለተማሪ ማሳያ ወሰዱት።

ጭልጋ ላይ ግን አንድ ጊዜ አፋቸው ተያዘ። አያ ወርቅአፈራሁ የሚባሉ ሽማግሌ ወጌሻ የበሬውን ጉልበት አዩና፣ «ምነው ውድነህ፣ አንተስ ማንን ወግተህ አወቅኸው?» አሏቸው። ወንድማቸው የሸፈኑላቸውን በአደባባይ መግለጥ አቃታቸው። «አንድ ሰው» ብለው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆጭቷቸዋል።

በ1963 ዓ.ም. አንድ ተማሪ በውጭ አገር ይኸው ነገር ለእሽቅድምድም ፈረሶች ጉልበት በመርፌ እየተሰጠ መሆኑን ቢነግራቸው «ፈረስ ቀደመን!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ስለ ወንድማቸው ሐኪሞችን ጠየቁ። አጥንቱ ከተጣበቀ ምንም እንደማይረዳ ሲነገራቸው፣ ወሬውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ወንድማቸውም «ተወው ወንድሜ፣ ቆሜ ማመስገን ለምጃለሁ» አሏቸው።

ድሬሰር ውድነህ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 4 ቀን 1965 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ከጠዳም ከጭልጋም የመጣችሁ ወጌሻዎች እዚህ ቆማችኋል፤ ወስፌ የያዘ ግን የለም። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን እና ወንድማቸውን መሪጌታ ሐብተ ማርያምን ትተውልን ሄደዋል።

ይህን የጻፈችው የመሪጌታ ልጅ ሐረገወይን ናት። ትናንት ለአባቷ ስታነብላቸው «የእኔን ጉልበት ሰርዢው» አሏት። የአጎቴ አደራ ነው ብላ እንቢ አለች። እሳቸውም «እንግዲያው ለሰው የማነበው እኔ ነኝ» አሉ። አያ ወርቅአፈራሁ፣ ያኔ «ማንን ወግተህ» ብለው የጠየቁለት ሰው ይኸው ቆሞ እያነበበልዎ ነው።

መሬት ላይ ስለ ደፉት ጥቂት ጠብታ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያፍስስላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።