የሬዲዮ ቦታ ያላት ታንኳ

ጅሬኛ፣ አንተ ጉማሬ! እንጦጦ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ዝዋይ ብሆን ይሄኔ እየዋኘሁ ነበር።

እዚህ ፖስት ካርድ ፎቶ ላይ ያለችውን የእንጨት ታንኳ እያት። ጋሽ ሙዘይን የሚባሉ ነጋዴ ዝዋይ ዳር ከሰው ገዝተው እዚህ እንጦጦ ካፌያቸው በር ላይ አቁመው «የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ» ብለው ጽፈውባታል። ከመቀመጫዋ ጎን የተቦረቦረች አራት ማዕዘን ጉድጓድ ትታይሃለች? እንጦጦን የሚያሳየን አስጎብኚ «የንጉሡ ዘውድ ማስቀመጫ» አለን። «ዘውዱ በስንት ባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው?» አልኩት። የአባትህ የሬዲዮ ቦታ ናታ! ዓሣ እያጠመደ ዜና የማያመልጠው ከአባባ ገመቹ ሌላ ማን አለ? አንተ በተወለድክበት ዓመት ነው የጠረቧት፤ ስለዚህ አንተም ሁለት መቶ ሞልቶሃል፣ ሽማግሌ!

ጎርፍ ሲወስዳት ሰፈሩ ሁሉ «ሥራዋ ደካማ ነው፣ ሰምጣለች» እያለ ሲያሾፍባቸው አባባ መጥረቢያቸውን እርግፍ አድርገው ተዉ አይደል? ዙሪያዋን በእጄ ዳበስኩ፤ አንድ ስንጥቅ የላትም። ጋሽ ሙዘይንም «ሠሪዋ መጥተው የእኔ ናት ካሉ፣ ጽሑፉን አንስቼ ስማቸውንና ዓመቱን እጽፋለሁ» ብለውኛል።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ። ካርዱን ለአባባ ስጥና «አልሰመጠችም» በላቸው።

ሁዘይፋ