የጎማው መንፊያ

ይድረስ ለልጄ፤ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። እኛ አለን።

ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድምሽ ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ የቀረበትን ብስክሌት አባትሽ አሁን ሥራ ይሄድበታል። ከመሪው ሥር ብረቱ ተሰንጥቋል። ብረት በያጁ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙን ፍቄ ልበይድልዎ፤ እንዲህ ሆኖ ቁልቁለት አይወረድበትም» አለው። ቀለሙ ላይ ወንድምሽ በሚስማር የጫረው ስሙ አለ። አባትሽ «ተወው፣ እኔን መሸከም አያቅተውም» ብሎ ያንኑ ቁልቁለት በየቀኑ ይወርዳል።

ጠዋት ቀድሜው ተነስቼ ጎማውን አስተነፍሰዋለሁ። እሱም በመንፊያው ነፍቶት ይወጣል። ስለዚህ ነገር አንነጋገርም።

እንዲያስበይደው አንቺ ብትጽፊለት ይሰማሻል። የወንድሜ ስም ደብተሮቹም ላይ አለ በይው።

ከወረቀቱ ጋር የላክሁልሽ ያንን የጎማ መንፊያ ነው። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቢጠይቅሽም አትላኪለት።

ያለሽበት ሰላም ይሁን።

እናትሽ