ዝይዋ ከግንቡ ኋላ አልሄደችም

ውድ ኦትሊንደ፣

ዝይ ያለባት ባንዲራችን ተሰልፋለች! የወረዳው የባንዲራ ሰልፍ ሊጀመር ሲል አስተናባሪው አገደኝ። «እናቴ፣ መንደራችሁ ከከተማው ጋር ተዋህዷል። ግንብ ካለበት ከከተማው ባንዲራ ኋላ ሁኚ» አለኝ።

«እናትህ አይደለሁም» አልኩት። «መንደራችንን ስትውጡ ማንም አልጠየቀን። ዝይዋን ግን አትውጧትም።»

ሳቀብኝ። ከግንቡ ኋላ ከምሄድ እዚያው ብደርቅ ይሻለኝ ነበር።

የደረሰልኝን ሰው ብነግርሽ አታምኚም፤ የጎረቤታችን የክላይንሪዱ ፎልክማር! ያ ዕድሜውን ሙሉ «እናንተ ዝይዎች» እያለ ሲሰድበን የኖረው ሽማግሌ፣ የራሱን መንደር የፍየል ባንዲራ እንደያዘ «አስገቧት እንጂ! ዝይዎቹ ከጠፉ እኛ ማንን ልንሰድብ ነው?» ብሎ ጮኸና ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ። ሕዝቡ እንደ ዝይ ይጮህ ጀመር። በእኛ ገበያ እንዲህ ቢጮሁብን ጥፊ ነበር የሚቀምሱት። ዛሬ ግን እኔም አንገቴን አስረዝሜ እንደ ዝይ ጮህኩላቸው።

ከዝይዋ ሥር ያለውን የመንደራችንን ስም የጠለፍኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ ቅርጹን ከመቃብር ቦታው በር ላይ አይቼ ነበር የገለበጥኩት። ዛሬ ነፋሱ ሲዘረጋው ቀና ብዬ አነበብኩት፤ ሆልተንሮደ ይላል። አንድም ፊደል አላጎደልኩም።

ካርዱ ሞላብኝ። ለሄድዊግና ለልጆቿ ሰላም በይልኝ። ለከተማው ከንቲባ ሰላምታ አልልክም፤ ዝይዋ ከፍየሉ ጎን ማለፏን ብቻ ንገሪልኝ።

ያንቺዋ ቴክላ